የሕግ ዲግሪዬና የስፖርት ማኔጅመንት ትምህርቴ

ዛሬ ከሌላ አፍሪካዊ አገር መጥቶ እዚህ የሚጫወት የእግር ኳስ ተከላካይ ውሉን ይዞ ቢሮዬ መጣ። ደመወዙ ቆሟል። የፊፋ የዝውውር ደንብ አንቀጽ 14 ቢስ (ከአንቀጽ 14 ቀጥሎ የተጨመረው አንቀጽ) ግልጽ ነው፤ ቢያንስ የ2 ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ተጫዋች ክለቡን በጽሑፍ አስጠንቅቆ፣ ቢያንስ 15 ቀን ጠብቆ ውሉን ማቋረጥ ይችላል። ይህን ያወቅሁት በሕግ ሙያዬ ነው።

ክለቡ ለምን እንዳልከፈለ የገባኝ ግን ስፖርት ማኔጅመንት ስለተማርኩ ነው። ብዙዎቹ ክለቦቻችን የሚተዳደሩት በቲኬት ገቢ ሳይሆን በከተማ አስተዳደሮችና በድርጅቶች በጀት ነው። በጀቱ ሲዘገይ መጀመሪያ የሚጎዳው ተጫዋቹ ነው። ይህ ያንገበግበኛል፤ ልጁ የቤት ኪራይ አለበት!

ማስጠንቀቂያውን ጽፈን ልከናል። ተጫዋች ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እባካችሁ የፈረማችሁትን ውል ቅጂ ሳትቀበሉ ከክለቡ ቢሮ አትውጡ።