እንቅልፍ ላይ ሆኜ ያዘዝኩት ሪንገር

ዓርብ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል የገባሁበት ዲውቲ (የተረኛ ሐኪም ሥራ) ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ያልቃል። 63 ሰዓት መሆኑ ነው። ሆስፒታሉ ከሊማሊሞ ቁልቁለት ማዶ ነው። በወረቀት ሦስት ጂፒዎች (ጠቅላላ ሐኪሞች) ነበርን፤ አንዳችን ግን ሁሌም ወይ ሥልጠና ላይ ወይ ዓመት ፈቃድ ላይ ስለምንሆን የምንሠራው ሁለት ነን። ሰኞ ጠዋት ዲውቲው ቢያልቅም ያኔ ቤት መሄድ አልነበረም፤ ተመላላሽ ክፍሉ በር ላይ ወረፋው ተሰልፎ ይጠብቅ ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ወራት በጀግንነት ነው ያለፍኩት። «ስንት ሰዓት አልተኛህም?» ሲሉኝ ቁጥሩን ስናገር ደስ ይለኝ ነበር። ያ ስሜት የተነነው አንድ እሑድ ለሰኞ አጥቢያ ነው።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ስልኬ ጠራ። የምግብ እጥረት ያለባቸው ሕፃናት ከሚተኙበት ክፍል ነው። አንድ ዓመት ተኩል የሆነው፣ 6 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ተቅማጡ ብሶበታል፣ ዓይኑ ገብቷል። ምን ብዬ እንደመለስኩ ዛሬም አላስታውስም። የማስታውሰው የዲውቲ ክፍሉ ቆርቆሮ በር ሲደበደብ ነው። ስከፍት ዘበኛው ባትሪ ይዘው ቆመዋል፣ ከኋላቸው ነርሷ ጋቢ ተከናንባ።

«ዶክተር፣ ሪንገር በደም ሥር፣ በኪሎ 30 ሚሊ ሊትር፣ በግማሽ ሰዓት ይግባለት ብለኸኛል። ልክ ነው?»

«እኔ?»

«አዎ፣ አንተ። ድምፅህ ግን የእንቅልፍ ነው። ልጁ እኮ ያ በጣም የከሳው ነው።»

ተከትያት ሄድኩ። የልጁ እጅ ሞቃት ነው፣ ነቅቷል፣ የእናቱን ነጠላ ጫፍ ይዞ ያኝካል። ሾክ (የደም ዝውውር መዳከም) የሚባል ነገር የለበትም። ዓይኑ መግባቱም ብዙ አይነግረኝም፤ ስቡ ያለቀ ልጅ ውሃ ባይጎድለውም ዓይኑ ይገባል። የሚያስፈልገው ሬሶማል፣ በጣም ለከሱ ልጆች የሚዘጋጅ የሚጠጣ ፈሳሽ፣ ነበር፣ በኪሎ 5 ሚሊ ሊትር በየግማሽ ሰዓቱ፣ በአፉ። ለእሱ 30 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። እኔ በእንቅልፍ ልቤ ያዘዝኩት በዚያው ግማሽ ሰዓት 180 ሚሊ ሊትር በደም ሥሩ እንዲገባ ነው። ሰውነቱ ላልከሳ፣ በተቅማጥ ክፉኛ ለደረቀ ልጅ መድኃኒት ነው። ይህን ያህል የከሳ ልጅ ልብ ግን ላይሸከመው ይችላል፤ ሳንባው ውሃ ሞልቶ እጃችን ላይ ሊቀር ይችል ነበር።

የከነከነኝ ስሕተቱ ብቻ አይደለም። ፕሮቶኮሉን ከነመጠኑ፣ ከነሰዓቱ አንድም ሳላዛንፍ ተናግሬዋለሁ። የረሳሁት ስለ የትኛው ልጅ እንደሚጠይቁኝ ነው። ኋላ ሳነብ በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ታዋቂ ጥናት አገኘሁ። 24 ሰዓት ያልተኛ ሰው ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.10 ከመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይስተካከላል ይላል። ጠጅ ጠጥቶ ቢመጣ ከበር የምንመልሰውን ሐኪም፣ ሳይተኛ ሲመጣ «ጎበዝ» እንለዋለን።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ስልኬን ትራሴ ሥር ማድረግ ተውኩ። ከአልጋው ራቅ ያለው መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። ለማንሳት መነሳት፣ ባዶ እግሬን በዚያ ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ መርገጥ ግድ ነው። ሲደወል መጀመሪያ የምጠይቀው «ስንት ኪሎ ነው? ለምን ተኛ?» ነው። ነርሶቹም ያልኩትን ደግመው ያነቡልኛል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ አዲስ መድኃኒት በስልክ አላዝም፤ እሄዳለሁ። ለነርሷም በሁሉም ፊት «አንቺ ባትጠይቂኝ ልጁን እገድለው ነበር» አልኳት። ይህን ማለቴ ከደንቡ ሁሉ በላይ የጠቀመኝ ይመስለኛል፤ ከዚያ ወዲህ በሬን ለማንኳኳት የሚፈራ ጠፋ። አንዳንዴ በዝቷል እስክል ድረስ።

ሌላው ጣጣ የሰዓታችን ነው። ኤክላምፕሲያ (ከእርግዝና ደም ግፊት ጋር የሚመጣ ማንቀጥቀጥ) ይዟት፣ ማንቀጥቀጡን የሚከላከለው ማግኒዥየም የተጀመረላት እናት ቀጣዩን ዶዝ በ4 ሰዓት ልዩነት ማግኘት አለባት። ካርዱ ላይ «8:00» ብዬ ጻፍኩ፤ ከሌሊቱ 8 ማለቴ ነው። ከሌላ ቦታ ተዛውራ የመጣችው አዋላጅ በፈረንጅ አቆጣጠር አነበበችው፣ ማለትም ከጠዋቱ 2 ሰዓት። 6 ሰዓት ሙሉ ዘገየ። ሁለታችንም አልሰነፍንም። እናትየዋ ደግማ ሳታንቀጠቅጥ ማለፏ ዕድል ነው። አሁን «ከሌሊቱ»ን፣ «ከጠዋቱ»ን በፊደል ሳልጽፍ ቁጥር አላስቀምጥም፤ ሲያስተምሩን ይህን የነገረን ሰው አልነበረም።

ሪፈር የሚባለውን ውሳኔ ደግሞ ወደ ከቀኑ 10 ሰዓት አመጣሁት። ወደ ጎንደር የሚላክ ሰው ሊማሊሞን ሽቅብ መውጣት አለበት። ጣልያን የጠረበው ያ ጠመዝማዛ መንገድ በክረምት ጭጋግ ሲወርድበት ሾፌሩ መስኮት ከፍቶ አንገቱን አውጥቶ ነው የሚነዳው። «እስኪ እስከ ማታ እንያት» ብዬ ያቆየኋት አንዲት ወላድ በመጨረሻ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ወጣች፤ ደግነቱ ደረሰች። ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ሳትጠልቅ አንድ ዙር ዞሬ የምጠራጠረውን በብርሃን እሸኛለሁ።

ስለ ምግብ ብዙ አልልም፤ በሶ በኪስ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቡና የለም።

የሰኞውን እረፍት ለማግኘት ሰባት ወር ተከራክረናል። ገንዘብ አልጠየቅንም፤ የዲውቲ ክፍያውም ቢሆን በጊዜው አይመጣም ነበር። በመጨረሻ ሰኞ ጠዋት ተመላላሹን ጤና መኮንኖቹ እንዲይዙት ተስማማን። የተፈቀደልኝ እስከ 6 ሰዓት ነው። 6 ሰዓት ላይ ፊቴን ታጥቤ እመለሳለሁ፤ ወረፋው ያኔም አለ።