ለትንሽ ከተማ የእንግዳ መምሪያና ካርታ ስትሠሩ

አዲስ አበባ ዳር ባሉ ከተሞች፣ ሰበታም ይሁን ሆለታ፣ አብዛኛው እንግዳ የሚወርደው ታክሲ ማቆሚያው ላይ ነው። ካርታውም ከዚያ ይጀምር።

ወረቀቱ ኤ3 ይሁን። 1 ሴንቲ ሜትር 50 ሜትርን ቢወክል 2 ኪሎ ሜትር በ1.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይይዛል፤ ለእግረኛ ይበቃል። መነሻውን ካርታ ኦፕን ስትሪት ማፕ ከሚባለው ነፃ የኢንተርኔት ካርታ ውሰዱ፤ ምንጩን ወረቀቱ ላይ መጥቀስ ግን ግዴታ ነው።

ብዙው ካርታ የሚበላሸው ምልክት ሲመረጥ ነው። የአገሩ ሰው አቅጣጫ የሚናገረው በመንገድ ስም ሳይሆን «ከድልድዩ አለፍ ብሎ» እያለ ነው። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ድልድይ፣ ትልቅ ዋርካ ይቅደሙ። ካፌና ሱቅ ስም ይቀይራል፣ ይዘጋል። የቦታ ስም በቁቤም፣ ማለትም ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ይጻፍ፤ ታፔላው ላይ እንግዳው የሚያየው እሱን ነውና።

ሰዓት ላይ በጣም ተጠንቀቁ። ጠዋት 2 ሰዓት የሚከፈት ቦታ በእንግሊዝኛው ገጽ 8:00 መሆን አለበት። እንዳለ 2:00 ተብሎ ከተገለበጠ፣ የውጭ እንግዳ ከቀኑ 8 ሰዓት ይመጣል፤ በሩም ተዘግቶ ሊጠብቀው ይችላል።

የእግር መንገዶቹን በሐምሌም ሂዱባቸው። በግንቦት በድንጋይ ላይ የሚሻገሩት ጅረት ክረምት ላይ አይሞከርም፤ በተቆራረጠ መስመር ሥላችሁ «በክረምት አይኬድም» በሉበት።

ማተሚያ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ጥቂት ቅጂ አውጡና ከተማውን ለማያውቅ ሰው ስጡ። ዝም ብላችሁ ከኋላው ተከተሉ። ቆሞ ወረቀቱን ያዟዟረበት ቦታ ሁሉ ይታረማል።