የአሮጌዋን ኤምጂቢ መኪና ፍሬን ቱቦዎች እንዴት እንደቀየርኩ

ፍሬን ረግጬ እግሬን ሳነሳ የፊት ግራው ጎማ ይዞ ይቀር ነበር። ካሊፐሩ (በዘይት ግፊት ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ታድሷል፣ ፒስተኑም እንደልቡ ይንቀሳቀሳል። መኪናዋን በክሪክ አነሳሁና ፍሬን ረግጬ ለቀቅኩ። መጀመሪያ ከላስቲክ ቱቦው በፊት፣ በፔዳሉ በኩል ያለውን ማያያዣ አላላሁ። ጎማው ንቅንቅ አላለም። ቀጥሎ ካሊፐሩ ላይ ያለውን አየር ማስወጫ ስከፍት የፍሬን ዘይቱ ፊን ብሎ ወጣ፣ ጎማውም ወዲያው ተለቀቀ። ጥፋቱ የላስቲክ ቱቦው ነው ማለት ነው። ላስቲክ ሲያረጅ ከውስጥ ያብጣል። የእግር ጉልበት ዘይቱን ገፍቶ ያሳልፈዋል፤ የመመለሻው ኃይል ግን ደካማ ስለሆነ ዘይቱ እዚያው ይታሰራል። ከውጭ ሲያዩት ደግሞ ደህና ይመስላል።

መኪናዋ የ1971 ኤምጂቢ ናት፣ እንግሊዝ አገር አቢንግደን የተሠራች። እዚህ ሜሪላንድ በረዶ ሲመጣ መንገድ ላይ ጨው ይበተናል። የብረት ቱቦዎቿንም ዝገት በልቷቸዋል። ሁሉንም ልቀይር ወሰንኩ።

ተጣጣፊዎቹ የላስቲክ ቱቦዎች ሦስት ናቸው፤ ሁለት ፊት፣ አንድ ኋላ። ውስጣቸው ቴፍሎን የሆነ፣ ከላይ በስቴንለስ (በማይዝግ ብረት) ሽቦ የተጎነጎኑትን ገዛሁ። ሽቦው ቱቦው በግፊት እንዳይለጠጥ ይይዘዋል።

ለጠንካራዎቹ ቱቦዎች ግን ስቴንለስ አልመረጥኩም። ብዙዎች በዚህ አይስማሙም፣ እኔ ግን አቋሜ ነው። ስቴንለስ ደረቅ ነው። ሲያጥፉት ተመልሶ ይዘረጋል፣ አፉን ለማስፋት ጥሩ መሣሪያ ይፈልጋል፣ አፉ ትንሽ ከተዛነፈ ያንጠባጥባል። የመዳብና የኒኬል ቅልቅል የሆነው ግን በእጅ ይታጠፋል፣ ዝገትም አይነካውም። ስፋቱ 3/16 ኢንች ነው። አሮጌዎቹን ሳልጥል እንደ ናሙና ተጠቀምኩባቸው። ከቆረጥኩ በኋላ የአፉን ሸካራ አለሰለስኩ፣ ውስጡን በአየር ነፋሁ። ዳዶው አፉ ከመስፋቱ በፊት መግባት አለበት፤ ከሰፋ ወዲያ አያልፍም።

ተጣጣፊው ሲገጠም ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ፊት ላይ መጀመሪያ ካሊፐሩ ጋ በአዲስ የመዳብ ራንዴላ ይጠብቃል። ከዚያ ሌላው ጫፍ ከሻንሲው መያዣ ጋር ይታሰራል። ጠንካራው ቱቦ መጨረሻ ነው። ይህ ካልሆነ ቱቦው እንደተጠመዘዘ ይቀራል። ለዳዶዎቹም ዙሪያቸውን ጥቅም አድርጎ የሚይዝ የቱቦ ቁልፍ ያስፈልጋል። ተራው ቁልፍ ጠርዛቸውን ይበላዋል።

ከምንም በላይ ጊዜ የሰጠሁት ለማየት ነው። መሪውን እስከ ጥግ ግራም ቀኝም አዞርኩ። ጎማው ተንጠልጥሎም፣ በክሪክ ወደ ላይ ተገፍቶም አየሁት። የተጎነጎነው ሽቦ የነካውን ሁሉ እንደ መጋዝ ይገዘግዛል፤ ቀለምም ይሁን አሉሚኒየም አይምርም። ስለዚህ የላስቲክ ሽፋን አለበስኩት።

ዘይቱ ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ ነው። ቀለም ስለሚልጥ የፈሰሰውን ወዲያው በውሃ ማጠብ ነው። አየሩን ከማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ከሚገፋው ክፍል) ከሚርቀው ጎማ ጀምሬ አስወጣሁ።

ፔዳሉ አሁን ጠንከር ብሏል፣ ጎማውም ቶሎ ይለቃል። ለውጡን ሁሉ ግን በስቴንለስ ለተጎነጎኑት ቱቦዎች አልሰጥም። ያረጀ ላስቲክና ውሃ የጠጣ ዘይት መውጣታቸው ትልቁን ሥራ ሠርቷል፤ አዲስ ላስቲክ ቢሆንም ልዩነቱ ይታወቅ ነበር። ለመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ዝግ ብዬ ነዳሁ። ስመለስ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በደረቅ ሶፍት እጠርግና እርጥበት ካለ አያለሁ።