የቀጭኑ ገመድ ሒሳብ

ቅዳሜ ማታ

ዛሬ ጠዋት ሦስተኛው ምጣዴ ሞተ። አብሲቱ ትናንት ተጥሎ፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ ደርሶ፣ አራተኛዋን እንጀራ አውጥቼ ምጣዱን በማሰሻ እያሰስኩ ሳለ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ልጄ ከመኝታ ቤት እየሮጠ መጥቶ ስፒናውን ሊነቅል እጁን ሲዘረጋ ጮህኩበት። ስፒናው ቀልጦ ከሶኬቱ ጋር አንድ ሆኗል። ቆጣሪው ጋ ሄጄ ብሬከሩን አወረድኩት፤ ከዚያ ወንበር ላይ ዘጭ ብዬ ሳቅኩ። ሌላ ምን ይደረጋል? የደረሰ ሊጥ ልቅሶ አይጠብቅም።

ጎረቤቴ በበረንዳዋ በኩል "ምንድን ነው የሚሸተው?" አለችኝ። ነገርኳት። "ሊጡን ይዘሽ ነይ" አለች፣ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

እሷ ቤት እስከ ቀትር ጋገርኩ። የእሷን ምጣድና የኔን የመጀመሪያውን የገዛናቸው በአንድ ቀን ነው፤ በ2012 አብረን መርካቶ ሄደን። እሷ ሦስት ሱቅ አዙራኝ፣ እግሬን አሳምማኝ፣ በመጨረሻ 2,600 ብር ከፈለች። እኔ 1,200 ከፈልኩ። በተረፈኝ ብር ደግሞ የመጋረጃ ጨርቅ ገዝቼ፣ ታክሲ ውስጥ በልቤ "ገንዘቧን በተነች" እያልኩ ሳዝንላት ነበር። መጋረጃው አሁን የት እንዳለ እንጃ።

ማታ ልጆቹ ሲተኙ ደብተሬን አወጣሁ። ከተጋባን ጀምሮ ወጪ የምጽፍበት ደብተር ነው፤ ባሌ "በጀቱ ጸደቀ ወይ?" እያለ ይቀልድበታል። 2012፣ ምጣድ፣ 1,200። 2014፣ ምጣድ፣ 1,900። 2016፣ ምጣድ፣ 3,400። ይሄኛውን የገዛሁት በነሐሴ ነው፤ በሐምሌ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ፣ ሁሉም ሰው "ነገ ይጨምራል" እያለ በሚሻማበት ሰሞን። እኔም ተሻማሁ። የሦስቱ ድምር 6,500 ብር መጣ። ለጥገና የከፈልኩትን አልደመርኩም፤ ብደምረው ባሌ ያየዋል። የጎረቤቴ 2,600 ግን ዛሬም ዓይናማ እንጀራ እያወጣ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሬሳውን በፌስታል ጠቅልዬ ወደ ጠጋኙ ወስጄው ነበር። ላሜራ በላሜራ የሆነች ትንሽ ሱቅ አላቸው፤ ሙያውን የተማሩት ምናለሽ ተራ ነው፣ በርሜሉ ምድጃ፣ ጎማው ባልዲ የሚሆንበት ቦታ።

"ጋሼ፣ ይሄ ይድናል?" አልኳቸው።

ገለበጡት፣ በካቻቪቴ ታችኛውን ላሜራ ፈቱት። "ምጣዱ ደህና ነው ልጄ። ጉድ የሠራሽ ገመዱ ነው" አሉኝ።

ስድስት ዓመት በኤሌክትሪክ ምጣድ ስጋግር ሆዱን አይቼው አላውቅም ነበር። ከሸክላው ሥር ዙሪያውን እየተጠማዘዘ የሚሄድ ቦይ አለ፤ ሬዚስታንሱ እዚያ ውስጥ ተኝቶ ከላዩ በጄሶ ይመረጋል። ያቺ ሽቦ ወደ 3,500 ዋት ትስባለች። "በ220 አካፍዪው" አሉኝ፤ በስልኬ አካፈልኩት፣ 16 አምፔር ገደማ። ለዚህ የሚሆነው እሳቸው "ባለ 2.5" የሚሉት፣ መዳቡ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የሚወፍር ገመድ ነው። የኔን ቆርጠው መዳቡን አሳዩኝ። የጸጉር ያህል ቀጭን ክሮች፣ እነሱም ጥቂት። "ይሄ የራዲዮ ገመድ ነው። ለአንዲት አህያ የአራት አህያ ጭነት ነው የጫኑባት" አሉኝ።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ሻጭ ዋጋ ሲቀንስ የሚቀንሰው ገዢ ከማያይበት ቦታ ነው። እኔ ሱቅ ውስጥ ያየሁት የክዳኑን ማብረቅረቅና የመብራቷን ቀለም ነበር። ገመዱ በላስቲክ ተጠቅልሎ ካርቶኑ ውስጥ ተኝቷል፤ ማን ይፈታዋል?

የ2012ቱን ሞት ግን በሻጭ ማላከክ አልችልም። ስነግራቸው ወዲያው አወቁት፤ "ሳታሟሺው ጋገርሽበት አይደል?" አሉኝ። እውነት ነው። አዲስ ሸክላ ቀስ ተብሎ ይሞቃል፣ ጎመን ዘር ይታሻል፣ ይቀዘቅዛል፣ እንደገና። እኔ ለእንግዳ ቸኩዬ በገዛሁ በማግሥቱ እስከ ጥግ አግዬው ሊጥ አዞርኩበት። ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ።

ስወጣ የተናገሩት ነገር ነው ይህን ያህል ያጻፈኝ። "ስትገዢ ለምን መጥተሽ አልጠየቅሽኝም? የትኛው እኔ ጋ እንደሚመላለስ እኮ አውቃለሁ።"

ጠጋኝን ሳይገዙ የሚጠይቅ ማን አለ? ሻጭን እንጠይቃለን፣ እሱም "ኦርጅናል ነው እህቴ" ይላል። ጠጋኝ ጋ የምንሄደው ከቀብር በኋላ ነው።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ እማዬ ጋ ሄድኩ። ቡና እስኪፈላ የስፌት መኪናዋ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሲንገር ናት፣ ጥቁር፣ የወርቅ ቀለም ጽሑፏ ግማሹ የጠፋ፣ በእግር የምትረገጥ። በዚህች መኪና የሰፈሩን ልጆች ዩኒፎርም ሰፍታ ነው እኛን ያስተማረችን። የትናንቱን ስነግራት፣ መኪናዋን እንዴት እንደገዛች ዛሬ ገና በወጉ አጫወተችኝ።

1976 ነው። እጇ ላይ 240 ብር ነበራት። በዚያ ብር የምትገዛ አዲስ የምትመስል መኪና ሰፈር ውስጥ ተገኘች፤ ቀለሟ ያልተነካ። ይህችኛዋን ደግሞ አንድ ልብስ ሰፊ 350 ብር ይሸጣታል ተባለ፤ ያኔም አሮጌ ናት። እማዬ የሄደችው ወደ ሁለቱም ሻጮች አልነበረም። የስፌት መኪና የሚጠግኑ ሽማግሌ ነበሩ፣ እሳቸው ጋ ሄደች። "የትኛዋን ብገዛ ይሻለኛል?" ስትላቸው፣ ከመደርደሪያ ሥር የእንጨት ሣጥን ጎትተው አወጡ። በሣጥኑ ውስጥ የሦስት የሞቱ ሲንገሮች አካል ተፈታትቶ ተቀምጧል። "ለዚህችኛዋ መለዋወጫ ሞልቶኛል። ለዚያችኛዋ አንዲት ብሎን የለኝም" አሏት።

"በቃ ወሰንኩ" አለች እማዬ።

ግን 110 ብር ጎደላት። ዕቁብ ገባች፤ በየሳምንቱ 10 ብር፣ 36 ሰው። ዕጣው እንዲወጣላት ለአርሴማ ተሳለች፤ አርሴማም ሌላ ሥራ ሳይኖርባት አልቀረም፣ ሃያ ዘጠነኛ ወጣላት። ሰባት ወር ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሰባቱን ወር በእጇ ሰፋች፣ ሲብስም ጎረቤት እየሄደች ሌሊት በሰው መኪና ትሰፋ ነበር። 240ውን አልነካችውም። ሻጩስ እንዴት ጠበቃት ስላት፣ "ቀለሟን አይቶ ማን ይገዛታል? እንደኔ የጠየቀ ሰው የለማ" ብላ ሳቀች።

ከዚያ ወዲህ ቺንጋዋ ስንት ጊዜ እንደተቀየረ አታውቀውም። መርፌ የማይቆጠር፤ ፔዳሏ አንድ ጊዜ ተበይዷል። በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ጠብታ የማሽን ዘይት ታገኛለች። ሌላ ምንም። መኪናዋ ላይ የተመታውን ቁጥር ስልኬ ላይ ፈልጌ ነበር፤ የተሠራችው ስኮትላንድ፣ ክላይድባንክ በሚባል ከተማ ነው። ፋብሪካው በ1980 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል። እማዬ ስትገዛት፣ የወለዳት ፋብሪካ ከሞተ ሦስት ዓመት አልፎት ነበር ማለት ነው። የፋብሪካው መሞት አልነካትም፣ ሽማግሌው ከነሣጥናቸው ነበሩና።

እሳቸው ካረፉ ቆይቷል። ሣጥኑን ማን ወሰደው ስላት እማዬ ትከሻዋን ነቀነቀች። አሁን ቺንጋ የምታስቀይረው ሁለት ታክሲ ይዛ ሄዳ ነው።

እኔ በነገሩ ሞቅ ብሎኝ "ሰው ትዕግሥት አጥቶ እኮ ነው ርካሽ የሚገዛው" ስል እማዬ ስኒዋን አስቀመጠች። "ተይ እንጂ" አለችኝ። ያችኛዋን መኪና፣ ቀለሟ ያማረውን፣ በ240 ብር የገዛቻት ጓደኛዋ ናት። ባሏ ሞቶባት፣ ልጆቿ ሦስት፣ ሰባት ወር የምትጠብቅበት ነገር አልነበራትም። መኪናዋ ሁለት ዓመት አገለገለቻትና ቆመች። ጠጋኝ አጣችና ቁራሌው ወሰዳት። "እኔ የጠበቅኩት አባትሽ ደሞዝተኛ ስለነበረ ነው" አለችኝ። ዝም አልኩ። በ2012 እኔም ደሞዝተኛ ነበርኩ፤ ባል አለኝ፣ የጎደለኝ አልነበረም። 1,400 ብር ልዩነት የበዛብኝ መጋረጃ አምሮኝ ነው።

ደግሞ ውድ ስለገዙም አይዳንም፤ ይህን ለራሴ ልጻፈው። ካቻምና "ዘላቂ ነገር ልግዛ" ብዬ የጁስ መፍጫ በምጣዱ ሁለት እጥፍ ዋጋ ገዛሁ። በስምንት ወሩ ከውስጥ የፕላስቲክ ጥርሷ ተሸረፈች። ጋሼ ጋ ስወስደው አገላብጠው አዩትና ካቻቪቴያቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱት። ብሎን የለውም። በማጣበቂያ የተዘጋ ነገር ነው፤ ለመክፈት መስበር ግድ ነው። ሲሠራም እንዲከፈት አልታሰበም። አሁን ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጦ ያየኛል፤ ቁራሌው ሲጠራ ልሰጠው እወጣና ዋጋው ትዝ ሲለኝ እመለሳለሁ።

ሊስትሮዬም ተመሳሳይ ነገር ነግሮኝ ያውቃል፣ ያኔ አልሰማሁትም እንጂ። ጫማ ስትገዢ፣ አለኝ፣ ፊቱን ትተሽ ጎኑን እይው፤ ሶሉ በክር የተሰፋ ነው ወይስ ማስቲሽ ብቻ? የተሰፋውን እፈታና አዲስ ሶል እሰፋልሻለሁ። ማስቲሽ የሆነው ክረምት እስኪገባ ነው።

ወደ ቤት ስመለስ ብርድ ነበር፣ ጋቢዬን ለበስኩ። ፈትሉን አያቴ ናት የፈተለችው። ጥጡን ዳምጣ፣ አባዝታ፣ እንዝርቷን እያሾረች ሁለት ክረምት ፈጅታ፤ ማጉ በሙሉ የእጇ ነው። ሽሮ ሜዳ ያለ ሸማኔ አራት እጥፍ አድርጎ ሠራው። ለሠርጌ ሲሰጠኝ ደርቆ ቆርቆሮ ይመስል ነበር፤ በየእጥበቱ እየለሰለሰ እየሞቀ መጣ። ሁለቱንም ልጆቼን አቅፌ ያሳደግኩት በእሱ ነው። አንድ ጊዜ ግን ነጭ ይሁንልኝ ብዬ በረኪና ጨመርኩበት። ከአንዱ ጥግ ሳሳ፤ ብርሃን ላይ ሳነሳው ጣቴ ይታየኛል። አያቴ በሕይወት እያለች ያን ጥግ ወደ ውስጥ እያጠፍኩ ነበር የምለብሰው፣ እንዳታየው።

ማክሰኞ

ምጣዱ ዳነ። ጋሼ ገመዱን በባለ 2.5 ቀየሩት፣ ስፒናውንም ወፍራም አደረጉልኝ። ደብተሬ ላይ "ጥገና" ብዬ ጻፍኩ፤ በዚያኛው መስመር ደግሞ አራተኛ ምጣድ አለመግዛቴን የምጽፍበት ቦታ ፈልጌ አጣሁ።

የቀለጠውን ሶኬት እንዲቀይር የሰፈሩን ኤሌክትሪሺያን ጠራሁ። ሶኬቱን ከግድግዳው ነቀለ፣ ውስጥ ያለውን ገመድ ሳብ አድርጎ በጥፍሩ ላጠውና ወደኔ ዞረ።

"እትዬ፣ ይሄ እኮ 1.5 ነው። የአምፖል ነው" አለኝ።

ቤቱን የተከራየነው ሳሎኑ ሰፊ ነው ብለን ነው። ግድግዳው ውስጥ ምን እንዳለ ማንን ጠይቄ ልከራየው ነበር? ከቆጣሪ ጀምሮ አዲስ መስመር መዘርጋት አለበት፣ አከራዩም መስማማት አለበት። አከራዩ ስልክ አያነሳም።

ነገ ሊጡ ይደርሳል። ባልዲውን ይዤ ወደ ጎረቤቴ ነኝ።