ማነው ኑግ ያጠጣት?

አባዬ ካረፈ በኋላ ዕቃ ለመከፋፈል ደሴ ስንሰበሰብ የስፌት መኪናውን፣ ሲንጀሯን፣ የጠየቀ አልነበረም። ታላቅ ወንድሜ ሬዲዮኑን ወሰደ። እህቴ የብረት አልጋውን። ሲንጀሯ በረንዳው ጥግ አሮጌ ጋቢ ለብሳ ቆማለች። "እሷንማ ለቆራሌው ነው" አለ ወንድሜ። አልተሳሳተም። መዘውሯን ብንገፋው ንቅንቅ አይልም፤ ፔዳሏም ድርቅ ብሏል። እኔ ራሴ ስንት ዓመት ሙሉ ትዝ ብላኝ አታውቅም። ግን "ቆራሌው" የሚለውን ቃል ስሰማ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ "የኔ ናት" አልኩ። መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ሦስቴ የምትሞክር የሂሳብ ሠራተኛ!

ጭንቅላቷን ፈትተን በብርድ ልብስ ጠቀለልናት። እግሯ አይሱዙ ላይ ተጫነ። አዲስ አበባ ስትደርስ ሳሎኔ ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጎን ሌላ ቦታ ጠፋ።

አባዬ ደሴ ፒያሳ፣ የአንድ ጨርቅ ነጋዴ ሱቅ በረንዳ ላይ ነበር የሚሰፋው። ሰው ጨርቁን ከውስጥ ይገዛል፣ ደጅ ይለካል። ነሐሴና መስከረም ላይ ዩኒፎርም ይቆለልበትና መኪናዋን ቤት ድረስ አምጥቶ በፋኖስ ያመሻል። ምሽት ላይ ሥራ ሲያቆም ተራው የኛ ነው። ፔዳሏ ላይ ቁጭ ብለን ሾፌር እንሆናለን። መዘውሩን ወደ ኋላ ካሽከረከርነው ግን ጉድ ይፈላል። ወደ ኋላ ከዞረ ክሩ ይጠላለፍና ይበጠሳል፣ እሱም በጨለማ መርፌ ቀዳዳ ሲፈልግ ያመሻል። በዚህ ብቻ ነበር የሚቆጣን።

ሳጸዳት መጀመሪያ ያየሁት ከአርማዋ ሥር ያለችውን ጽሑፍ ነው፤ 15ኬ። 15 የሞዴሏ ቁጥር ነው፤ "ኬ" ደግሞ ኪልቦዊ ለማለት ነው። ስኮትላንድ ውስጥ፣ ክላይድባንክ በምትባል ከተማ፣ የሲንጀር ትልቁ ፋብሪካ የነበረበት ቦታ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1885 ተከፈተ። በአራቱም ጎኑ ሰዓት ያለው ግዙፍ ማማ ነበረው፤ እሱን በ1963 አፈረሱት። ፋብሪካው ራሱ በ1980 ተዘጋ። የባቡር ጣቢያው ግን ዛሬም "ሲንጀር" ይባላል። 1980ን ወደ እኛ ስመልሰው 1972 መጣልኝ። አባዬ በረንዳው ላይ የራሱን ቦታ የያዘበት ዓመት ነው። እነሱ ዘግተው ወደ ቤታቸው ሲገቡ እሷ ደሴ ላይ ገና ሥራ ልትጀምር ነው።

እንዴት እንደምትላቀቅ ለመጠየቅ መርካቶ የስፌት መኪና የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ጋ ወሰድኳት። ጭንቅላቷን ብቻ፣ በታክሲ፣ እንደ ሕፃን ታቅፌ። ብረት ስለሆነች ክንዴ ሊገነጠል ነበር። ሽማግሌው መዶሻ ያነሳሉ ብዬ ስፈራ አፍንጫቸውን አስጠጉና አሸተቷት።

"ይሄ ዝገት አይደለም፣ ልጄ። ማነው ኑግ ያጠጣት?"

የዘይት ጀሪካን አፍ ላይ የሚሠራውን ሙጫ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ኑግ አየር ሲያገኘው እየደረቀ ይሄዳል። መጀመሪያ ይጣበቃል፣ ቆይቶ እንደ ቫርኒሽ ይጠነክራል። የስፌት መኪና ዘይት ቀጭን ነው፤ እንደዚያ አይጋገርም። የእኔዋ በየቀዳዳዋ ኑግ ተሞልታ ነው የተቆለፈችው።

ማታ እማዬ ጋ ደወልኩ።

"እኔ ነኛ" አለችኝ። "አባትሽ ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ማን ይይዛታል? ቅዳሜ ቅዳሜ እቀባት ነበር። እንዳትዝግብኝ ብዬ። ምነው፣ ምን ሆነች?"

"ምንም። ጥሩ አድርገሻል፤ አንድም ዝገት የለባትም" አልኳት። አልዋሸሁም።

ከዚያ በኋላ ያለው የላምባ ታሪክ ነው። ሽማግሌው ያዘዙልኝ ይህን ብቻ ነበር፤ ላምባ በየቀዳዳው ጠብ ጠብ አድርጊ፣ እደሪበት፣ ጥረጊ፣ ድገሚ፤ እንዳታስገድጃት። ቤቱ ላምባ ላምባ ሸተተ። ጎረቤቴ አንኳኩታ "ምነው፣ መብራት ጠፋብሽ እንዴ?" አለችኝ። በፀጉር ማድረቂያ አሞቅኳት። በጥርስ ብሩሽ ፈገፈግኳት፤ ቡናማ ሙጫ እየተላጠ ወጣ። በዘጠነኛው ማታ ተስፋ ሳላደርግ መዘውሩን ሳብ ባደርገው የጣት ያህል ዞረ። ጮህኩ መሰለኝ።

በኋላ ግን አንድ ጥፋት አጠፋሁ። አንገቷ ላይ የወርቅ ቀለም አበባ ነበራት። ይብራ ብዬ ከፋርማሲ የገዛሁትን አልኮል በጥጥ ነክሬ ጠረግኩት። ጥጡ ወርቃማ ሆነ። አበባው ግማሹ የለም። ለሽማግሌው በስልክ ስነግራቸው ለትንሽ ጊዜ ዝም አሉና "አልኮል ለቁስል ነው" አሉኝ። አበባው ለካ ተለጣፊ ነው። የሚጠብቀው ከላዩ የተቀባው ሼላክ የሚባል ስስ ቫርኒሽ ነው፤ ሼላክን ደግሞ አልኮል ያሟሟዋል።

ከዚያ ወዲህ እጄ ሰነፈ። ከመርፌዋ በስተግራ፣ ጨርቅ የሚያርፍበት ላይ፣ ጥቁሩ ቀለም አልቆ ብረቱ የሚያበራ ቦታ አለ። መዳፍ ያህላል። አስቀባዋለሁ ብዬ ነበር። እጄን አሳረፍኩበት። ከእኔ እጅ ሰፋ ይላል። ቀለሙን ተውኩት።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ከመርፌዋ ሥር ያገኘሁት ነው። የብረት ሰሌዳዋን ብሎን ፈትቼ ሳነሳ፣ ጨርቁን የሚጎትቱት ጥርሶች መሃል ብናኝ እንደ በርኖስ ተጠቅጥቋል። በወስፌ ፈነቀልኩት። እንዳለ፣ በአንድ ቁራጭ ወጣ። ወደ መስኮት ወስጄ አየሁት። ከላይ ሰማያዊ ነው፤ የተማሪ ቤት ዩኒፎርም። ከሥሩ ቀጭን ነጭ። ከዚያ ካኪ፣ ብዙ ካኪ፤ የደርግ ጊዜ መሆን አለበት። ካኪው መሃል ደግሞ ጥቁር ገብቷል። በደሴ ጥቁር የሚሰፋው ለሐዘን ነው። አባዬ ስለዚያ ዘመን አንድም ቀን አውርቶን አያውቅም፤ እኛም አልጠየቅነውም። ቁራጩን ክብሪት ቀፎ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ለወንድሜ አሳየሁትና "ቆሻሻ ነው እኮ" አለኝ።

የቀረው ቀላል ነበር። የቆዳ ቺንጋ መርካቶ አገኘሁ። የታችኛው ክር የሚቀመጥባት ክብ ቤት ተሰብራ ነበር፤ ቢራቢሮ የምትባለው የቻይና ስፌት መኪና መለዋወጫ ልክክ አለላት። ቻይናዎቹ 15ን ነው የቀዱት፣ ብዙው ዕቃ ይገጥማል። መርፌ 16 ቁጥር ገዛሁ። ግማሽ ቀን ሙሉ አልሰፋ አለችኝ፤ ክሩን እየሳተች ታልፋለች። የመርፌው ጠፍጣፋ ጎን ወደ ግራ መሆን ነበረበት፣ ክሩም ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚገባው። እኔ ገልብጬዋለሁ። ደሴ ላይ ይህን የማያውቅ የልብስ ሰፊ ልጅ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ባለፈው እሑድ እማዬ የላከችውን ቀሚስ ጫፍ ለመዘምዘም ተቀመጥኩ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ከፍቼ አስቀመጥኩላት፤ ትስማ ብዬ። መዘውሩን ወደ ራሴ ሳብ አደረግኩና ረገጥኩ። ሄደች። ጠረጴዛው፣ ወለሉ፣ የቡና ስኒዎቹ ሁሉ አብረው ተንቀጠቀጡ። ስፌቱ ጠማማ ነው፣ ግን ስፌት ነው።

ከስልኩ ምንም አይሰማም። ተቋርጦ ይሆናል ብዬ አቆምኩ።

"እማዬ? አለሽ?"

"አለሁ።" ትንሽ ቆየች። "ፈጠንሽ። እሱ እንደዚህ አይረግጥም።"

ቀስ ብዬ ረገጥኩ።

"አሁንም ፈጠንሽ" አለችኝ።