ስም የወጣለት በግ

ዛሬ የደብረ ብርሃን ብርድ ከቤት አላስወጣ ብሎኝ፣ አክስቴ ቤት ጋቢዬን ተከናንቤ ከከሰሉ ዳር ስለ ሰሞኑ ፊልሞች ልጽፍ ተቀመጥኩ። በሳምንቱ ሦስት አዳዲስ የአማርኛ ፊልሞች አይቻለሁ። ሦስቱም ሳሎን ተጀምረው ሳሎን ያልቃሉ፦ ሶፋ፣ ስልክ፣ ለቅሶ። የተዋናይዋ ዓይን እንባ ሳያቀር ዋሽንቱ ቀድሟት ያለቅሳል! እኔ ይሄን ሙዚቃ ሳይሆን ጉቦ ነው የምለው።

ሲሰለቸኝ የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» ከፈትኩ። እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። አክስቴ ምስር እየለቀመች ባንድ ዓይኗ ታያለች። በፊልሙ አጎትየው ልጁን ኤፍሬምን ለበዓሉ በጉን ቹኒን እንዲያርድ ሲያዘው ሰፌዱን ቁጭ አደረገችው።

«ምነው እቴ! ስም የወጣለት በግ ይታረዳል?»

ይቺ መንዝ ተወልዳ፣ ስንቱን በግ አሳድጋ ገበያ የሸኘች ሴትዮ ናት እንግዲህ።

ስለዚህ ፊልም ድሮ ሁለት ገጽ ጽፌያለሁ። ስለ ተራራው፣ ስለ ብርሃኑ፣ ወንድ ልጅ ምን አባቱ ወጥ ቤት አስገባው ስለሚለው ጭቅጭቅ። የበጉን ስም ግን ባንድ መስመር እንኳ አላነሳሁትም።

ምስሩ እስካሁን አልተለቀመም። የኔም ጽሑፍ እንደዚያው።