ቢዚ ቢ የተሸነፈበት ጥግ

ከዋሽንግተን ኒውዮርክ በአውቶቡስ ሄድኩ። ስለ መንገዱ የማወራው የለም፣ ተኝቼ ነው የደረስኩት። ገና ከመውረዴ አንዱ "ታክሲ፣ ታክሲ" ብሎ ሻንጣዬን ነጠቀኝና በባቡር በጥቂት ዶላር የሚያልቀውን የብሮንክስ መንገድ 90 ዶላር አስከፈለኝ። ማታ ደግሞ የክፍሌ ማሞቂያ ቧንቧ በመዶሻ እንደሚመታ ሲንኳኳ አደረ። እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ጠዋት እየተነጫነጭኩ 1520 ሴጅዊክ አቬኑ ሄድኩ። ሂፕሆፕ ተወለደ የሚባለው እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 1973 ሲንዲ ካምቤል ለትምህርት ቤት ልብስ መግዣ ብላ ፓርቲ ደገሰች፣ ወንድሟ ዲጄ ኩል ኸርክ ሙዚቃውን ያዘ። መግቢያው ለሴት 25፣ ለወንድ 50 ሳንቲም ነበር። ሕንፃው ተራ አፓርታማ ነው፣ አጠገቡ አውራ ጎዳናው ያጓራል። ልብሷን አጥባ የምትመለስ አንዲት እናት ፈዝዤ ስቆም አየችኝና "ኸርክን ፈልገህ ነው አይደል?" ብላ ሳቀች። ፓርቲው የተደረገበት አዳራሽ ልታስገባኝ አልቻለችም። ፎቶ ግን አነሳችኝ፣ ያውም ሁለቴ፣ በመጀመሪያው ዓይኔን ጨፍኜ ነበርና። የሌሊቱ ንዴቴ እዚያው ቀረ።

ኸርክ ጃማይካ የተወለደ ነው፣ የትልቅ ስፒከርን ጥቅም ያውቃል። በ1977 ዌብስተር አቬኑ ላይ ከሌላው ዲጄ ከአፍሪካ ባምባታ ጋር ባትል፣ ማለትም የሙዚቃ ፍልሚያ፣ ሲገጥም ባምባታ ሰዓቱ አልፎም አላቆም አለ። ኸርክ መጀመሪያ በማይክ፣ በትህትና፣ ድምፅ ቀንስ አለው። አልሰማ ሲለው የራሱን ለቀቀበት፣ የባምባታ ሙዚቃ ተዋጠ፣ በቃ። ያኔ ባትል ማለት ይኸው ነበር፦ ማን ይጮኻል፣ ማን ሸክላ አለው፣ ሕዝቡን ማን ያስጨፍራል።

ከሰዓት ሀርለም ወረድኩ፣ 116ኛ መንገድና ሌኖክስ አቬኑ የሚገናኙበት ጥግ። ሀርለም ወርልድ የሚባለው ክለብ እዚህ ነበር፣ ከተዘጋ ቆይቷል። በ1981 መጨረሻ ራፐሩ ቢዚ ቢ መድረክ ላይ ሕዝቡን እያስጮኸ፣ የሚችለኝ የለም እያለ ጉራውን ቸረቸረ። ከዚያ ሌላው ራፐር ኩል ሞ ዲ ወጣና ግጥምህ የተሰረቀ ነው፣ ስምህም የራስህ አይደለም እያለ በተቀመረ ግጥም ዘረገፈበት። ካሴቱ እጅ በእጅ ዞረ። ከዚያ ወዲህ ራፐር የሚመዘነው በቃሉ ሆነ፣ ጭብጨባ ማሰባሰብ ብቻ አላዋጣም።

ሁሉም ሞ ዲ አሸነፈ ይላል። እኔ ግን ለቢዚ ቢ አዝናለሁ። ጉራው በዝቷል፣ እሺ፣ ግን ሰው የመጣው ሊደሰት ነው፣ እሱም አስደስቷል። እኛ ጋ አዝማሪ ሲሰድብህ ስቀህ ብር ግንባሩ ላይ ትለጥፍለታለህ፣ እዚህ ግን ስድቡ የተሰደበውን ከመድረክ ለማባረር ነው። እኔ ያን ያህል ልብ የለኝም።

ሀርለም የሚኖረው ጓደኛዬ በዚህ አይስማማም። እዚያው መንገድ ላይ ሴኔጋሎች ቤት ሩዝ በዓሳ እየበላን "ግጥም ካልቻለ ምን ያደርጋል መድረክ ላይ?" ብሎ ጮኸብኝ። መልስ ነበረኝ፣ ግን ምሳውን የሚከፍለው እሱ ነበር።